እንደ ልጄ ናት

አሰላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመስቀል፣ ጎተንበርግ

ሰላምታዬን ዝቅ ብለው ያገኙታል፤ አስቀድሜ ከትናንት በስቲያ ሰኞ የሆነውን ልንገርዎት። ጋሽ ገብረ መድህን በጥብቅና ቢሯቸው ሁለት ደንበኞች አስቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እኔ ለአንደኛው ደንበኛ የመከላከያ መልስ እየጻፍኩ ነው። ቀና አልኩና “ጋሼ፣ ሥራ ከጀመርኩ አምስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ደመወዜ ስንት እንደሆነ ዛሬ ይንገሩኝ” አልኳቸው።

ብርጭቆውን አስቀምጠው ሳቁ። “ደመወዝ? እኔና አጎትሽ እኮ ጨርሰናል!” አሉ። ከዚያ ወደ ደንበኞቹ ዞረው “እንደ ልጄ ናት” አሏቸው። ደንበኞቹም “ያሳድግልዎት” ብለው መረቋቸው። የሃያ አራት ዓመት የሕግ ምሩቅ ነኝ፤ ሰው ፊት “ያሳድግልዎት” ተባለልኝ።

አሁን ወደ ሰላምታዬ ልመለስ። ጤናዎ እንዴት ነው? የጎተንበርግ ብርድ ጀምሯል ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባቴ ጉልበቱን እየያዘው ጋሪ ላይ መውጣት አቅቶታል፤ ባጃጅ ደግሞ “ያንገጫግጨኛል” ይላል፤ ስለዚህ ቤት ይውላል። እናቴ ሳትሰለች ታመሰግንዎታለች።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት መስመሩ ሁልጊዜ የሚቆረጠው እኔ ጥያቄ ስጀምር ስለሆነ ነው። እርስዎም “ደብዳቤ ይሻለኛል፣ ደጋግሜ አነበዋለሁ” ይሉኛል። ስለዚህ በእጄ ጽፌ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። ደጋግመው ያንብቡት።

ሥራውን ያገኙልኝ እርስዎ ነዎት፤ አልክድም። ሰኔ ላይ ስመረቅ “ገብሬ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ቢሮው አንቺን የመሰለ ሰው ይፈልጋል” ብለው ደወሉላቸው። አባቴ በመጀመሪያው ቀን ይዞኝ ሄደ። ጋሽ ገብረ መድህን ጥብስ አዘዙ፤ በላን፤ አባቴ አመሰገነ፤ ስለ ክፍያ ማንም ትንፍሽ አላለም። በዘመድ ለተገኘ ሥራ ደመወዝ መጠየቅ ዘመዱን እንደ መስደብ ነው ብለን ነው ያደግነው። በሠራተኛ ሕግ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት ልጅ አፌን በሥጋ ሞልቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ፣ በር ላይ፣ የታጠፈ ብር እጄ ላይ ይደረጋል፦ “ለትራንስፖርትሽ።” ለተማሪ እንደሚሰጥ። መጠኑን አልነግርዎትም፤ ያፍሩብኛል ብዬ አፈርኩ።

ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ስለ እኔ የጨረሳችሁት ምንድን ነው?

አክባሪዎ፣ የወንድምዎ የይስሃቅ ልጅ
ወለላ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለወለላ

የጭላሎ ተራራ ጉም ሲገለጥ ብቅ እንደምትለው ፀሐይ ሰላምታዬ ይሙቅሽ። አምላክ እግርሽን ከእንቅፋት፣ አንደበትሽን ከችኮላ ይጠብቅልኝ። አባትሽን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ እዚህ ፀሐይ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ ትገባለች፤ ጡረተኛ ነኝና እኔም አብሬያት እገባለሁ።

ደብዳቤሽን አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍሽ ውብ ነው፤ የአባትሽን ይመስላል። ገብሬን አንቺ አታውቂውም። ቀልደኛ ነው። ሁለታችንም ገና ጢም ሳናበቅል በስዊድኖቹ የእርሻ ፕሮጀክት ውስጥ የማዳበሪያ ከረጢት አብረን ተሸክመናል። ክፉ አያስብብሽም።

ልጄ፣ የመጀመሪያ ዓመት የመማሪያ ዓመት ነው። እኔም እዚህ ትራም፣ የከተማውን ባቡር፣ መንዳት ስጀምር ወራት ሙሉ ሠልጥኛለሁ። ማንም ሰው ከላይ አይጀምርም። ልምድሽን ያዢ፤ ነገ የጥብቅና ፈቃድ ስታወጪ የልምድ ማስረጃውን የሚጽፍልሽ እሱ ነው። ይህን አትርሺ።

ገብሬ የያዘልኝ የእናቴ ቤት ክርክር ከምን ደረሰ? መልሱ ገባ? ያ ቤቱን አልለቅም ያለው ይበልጣል የሚባል ተከራይ የእናቴን ጽድ ቆርጦ አጥር ሠራበት የሚባለው እውነት ነው? ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ቶሎ ጻፊልኝ። ገብሬን ስለ ደመወዝ ደግመሽ አትጠይቂው፤ ደግ አይደለም።

መድኃኔዓለም ይጠብቅሽ።
አጎትሽ ኃይለመስቀል


አሰላ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመስቀል

ባሉበት ሰላም ይሁንልዎት፤ ፀሐይዋ ቢያንስ እስከ አሥር ሰዓት ትቆይልዎት።

መልስዎ ደርሶኛል። ጥያቄዬ ግን እዚያው ቀርቷል። አንድ ሌላ ልጨምርበት፦ ትራም ለመንዳት ሲሠለጥኑ ይከፈልዎት ነበር ወይስ አልነበረም?

አሁን ሥራዬን ልንገርዎት፤ የምማረውን ያውቁ ዘንድ። እዚህ ፍርድ ቤት የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ እንደሆነ ያውቃሉ። ጋሽ ገብረ መድህን ቋንቋውን እንደ ውኃ ይናገሩታል፤ መጻፍ ሲመጣ ግን፣ የላቲኑ ፊደል ቁቤው በእርሳቸው ዘመን አልነበረምና፣ ሦስት መስመር ሳይሞሉ እስክሪብቶውን ይጥላሉ። እርሳቸው ወንበሩ ላይ ደገፍ ብለው በአማርኛ ያወራሉ፤ እኔ በኦሮምኛ እጽፋለሁ። የሕጉን አንቀጽ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ የምስክር ዝርዝር የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከዚያ ማኅተማቸውን ያሳርፉበታል። ዳኛው ባለፈው ጽሑፉን አንብቦ “ጠበቃ ገብረ መድህን በዚህ ዕድሜ እንዴት አማረብዎት!” አላቸው። ከኋላ ቆሜ ነበር። ደረቴ ተነፋ፤ ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ያን ቀን በኩራት ምሳ አልበላሁም።

አሁን የአጨዳ ወቅት ነው። ኮምባይነሮቹ ከኢተያ ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ ነው፤ ጠቡም አብሯቸው ይወጣል። “እህሌን አፈሰሰብኝ”፣ “ቀብድ በልቶ ሌላ ማሳ ገባ” የሚል ገበሬ በር ላይ ተኮልኩሏል። ከዲክሲስ ሀሰኖ የሚባሉ አዛውንት መጥተው ጉዳያቸውን ከጻፍኩላቸው በኋላ “ኢንተለ ኮ፣ የጻፍሽበት ዋጋ የሚከፈለው ለማን ነው?” አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። “ለጠበቃው” አልኳቸው። “እሱማ ለሱ ነው፤ ያንቺን ነው የጠየቅኩሽ” አሉ። ማመልከቻቸውን አጥፌ ሰጠኋቸው።

ሕጉ በሳምንት አርባ ስምንት ሰዓትና አንድ የዕረፍት ቀን ይላል። እኔ እሑድም ቢሮ ነኝ፤ የሰኞ ቀጠሮዎች እሑድ ይጻፋሉና። ድሮ እሑድ ከሰዓት ስታዲየም አጠገብ መረብ ኳስ እንጫወት ነበር። መስከረም ላይ ጓደኞቼ ቦታዬን ለሌላ ሰጡት፤ ፈርጄባቸው አላውቅም፤ የማትመጣን ልጅ ማን ይጠብቃል?

ሳሎናችን ውስጥ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን የተሰቀለውን ፎቶዎን ያስታውሱታል? በሠራተኞች ቀን ሰልፍ ላይ ከትራም ነጂዎች ማኅበር ጋር ጨርቅ ይዘው የቆሙበትን። ልጅ ሆኜ “ጨርቁ ላይ ምን ተጽፏል?” ብዬ በስልክ ጠየቅኩዎት። “ሰዓታችን የእኛ ነው ይላል” አሉኝ። ዛሬም በየቀኑ አየዋለሁ።

የቤቱ መልስ ገብቷል፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀጠሮው ጥር 14 ነው። ጽዱ ተቆርጧል፤ ሄጄ ጉቶውን ፎቶ አንስቻለሁ፤ እርሱንም ማስረጃ አድርገን አስገብተናል፤ የመልሱን ቅጂና ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ።

መልካም ገና ይሁንልዎት።
ወለላ


ጎተንበርግ፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለወለላ

በከብት በረት የተወለደው ጌታ ቤታችሁን በጤና ይሙላው። መልሴ የዘገየው በዓሉ ስለገባ ነው፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም።

መልሱን አንቺ ጻፍሽው ማለትሽ አኩርቶኛል። ለጓደኞቼ አሳየኋቸው፤ አንዱም ባያነበውም ፊርማና ማኅተሙን አይተው “ከባድ ነገር ነው” አሉኝ። የጉቶውን ፎቶ ሳይ ግን አለቀስኩ። እናቴ በእጇ የተከለችው ነበር።

የጎረቤቴ የብርቄ ልጅ ሄለን ለጥምቀት ከዚህ ወደ አሰላ እየመጣች ነው። አንድ ፖስታ ይዛልሽ ትመጣለች። ለጫማ ነው፤ የፍርድ ቤት ደረጃ ጥሩ ጫማ ይፈልጋል። ለአባትሽ አትንገሪው።

ስለ ማኅበር ከእኔ ጋር አትከራከሪ። እዚህ ሌላ አገር፣ ሌላ ዘመን ነበር። ዘመድ ከዘመድ ጋር በማኅበር አይሠራም። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ገብሬን አታስቀይሚብኝ። ቀጠሮው እስኪያልፍ ብቻ ታገሺ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው።

አጎትሽ


አሰላ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ኃይለመስቀል

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥምቀት በሰላም አልፏል፤ ሄለንም ደህና ገብታለች።

“ቀጠሮው እስኪያልፍ ብቻ” ያሉትን ሳነብ የሆነ ነገር ቆረቆረኝ። የእኔ ደመወዝና የእርስዎ ቤት ቀጠሮ ምን አገናኛቸው? ለቀጠሮው መዝገብዎን ሳዘጋጅ ገባኝ። በቢሮው ውስጥ ያለ ደንበኛ ሁሉ፣ የዲክሲሱ አባ ሀሰኖ እንኳን ሳይቀሩ፣ ከጠበቃው ጋር የክፍያ ውል አላቸው። ጋሽ ገብረ መድህንን “የጋሼ ኃይለመስቀል ውል የታለ?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ውሉማ አንቺ ነሽ!” አሉኝ።

የቀለዱ መስሎኝ ጠበቅኩ። እርሳቸውም ቀልድ አለመሆኑን ሊያስረዱኝ ቀለል አድርገው ቀጠሉ፦ “እሱ ለኔ አይከፍልም፣ እኔ ላንቺ አልከፍልም። ተቻቻልን! ጉዳዩ እስኪያልቅ ነው። አልነገረሽም እንዴ?”

አልነገሩኝም፣ ጋሼ። እኔን የጥብቅና አበል አድርገው ሲከፍሉኝ አልነገሩኝም። አባቴን በስልክ “ልጅህን ሥራ አስገባሁልህ” ብለው ምርቃቱን ሲቀበሉ፣ እናቴ በስምዎ ዳቦ ስትደፋ፣ እርስዎ ለቤትዎ ጠበቃ መቅጠርዎ ነበር። የእኔን እሑድ የሸጡት በአንድ የስልክ ጥሪ ነው፤ ገዢውም ሻጩም እንደ አባቴ የማከብራቸው ሰዎች ናቸው።

ያሰቡት ይገባኛል፤ ልጅቷ ልምድ ታገኛለች፣ ገብሬ ጸሐፊ ያገኛል፣ እኔ ቤቴን አገኛለሁ፣ ማንም አይጎዳም። ጎድሎ የቀረው እኔን መጠየቅ ብቻ ነበር። ቢጠይቁኝ ምን እንደምልዎት ያውቃሉ? ለእርስዎ ቤት በነፃ እጽፍልዎት ነበር። በደስታ! ዩኒቨርሲቲ ስገባ ላፕቶፕ የላከልኝን ሰው “አይሆንም” አልለውም ነበር። ይህንን ነው የነጠቁኝ።

እንዳይሰጉ፦ ጉዳይዎን አላበላሸሁም። ጥር 14 ምስክሮቹን ራሴ ይዤ ቀረብኩ። የጉቶው ፎቶ ሲቀርብ ተከራዩ ይበልጣል “ጽዱን ንፋስ ነው የጣለው” አለ። ዳኛው ፎቶውን አየት አድርጎ “ይህ ንፋስ መጋዝ ነበረው እንዴ?” ሲለው ችሎቱ በሙሉ ሳቀ። ፍርዱ ገና ነው፤ ግን ጥሩ ቆመናል። በማግስቱ የቢሮውን ቁልፍ በጋሽ ገብረ መድህን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። “ወዴት ነው?” አሉኝ። “ወደ ቤቴ። ውሉ ፈርሷል” አልኳቸው።

የጫማውን ፖስታ ሳልከፍተው ለሄለን መልሼላታለሁ። ያለኝ ጫማ ፍርድ ቤት ያደርሰኛል።

ወለላ ይስሃቅ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወለላ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለእናት ለአባትሽም።

ይህን ያህል ትቆጪብኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። እኔ ክፉ አላሰብኩብሽም። ስንት ምሩቅ አሰላ ከተማ ውስጥ ሥራ አጥቶ ፑል ሲጫወት ይውላል! አንቺ ጠረጴዛ አገኘሽ፣ መዝገብ አገኘሽ፣ ዳኛ ፊት ቆምሽ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሽስ ማን ነበር ያለሽ? ላፕቶፑን አንቺው አንስተሽዋል፤ እኔ አላነሳሁትም።

ገብሬ በየቀኑ ይደውላል። አንቺ ከወጣሽ ወዲህ ሁለት መዝገብ ቀጠሮ አልፎበታል። የሚጽፍለት የለም። ለእኔም ቤት ከእንግዲህ አልቆምም ይለኛል። እሱ ካልቆመ ማን ይቆምልኛል? በሰባ ሦስት ዓመቴ የእናቴ ደጅ ለይበልጣል ይቅር?

ሽማግሌ ይልካል። አታሳፍሪያቸው። ለስልጠናው ይከፈልሽ ነበር ወይ ላልሽው፤ አዎ፣ ይከፈለኝ ነበር።

ኃይለመስቀል


አሰላ፣ የካቲት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሼ ኃይለመስቀል

ጤናዎን ይስጥዎት፤ ዓይንዎንም ያብራልዎት፤ ይህን ደብዳቤ ደጋግመው እንዲያነቡት እፈልጋለሁና።

ስለ ስልጠናው እውነቱን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አንድ መስመር ነበረች፤ ግን ከደብዳቤዎችዎ ሁሉ የወደድኩት እርሷን ነው።

ሽማግሌዎቹ የካቲት 7 ቅዳሜ መጡ። ከኢተያ የእህል ነጋዴው ሐጂ ሙንተሲር፣ የአባቴ የድሮ ባልደረባ መምህር ብሩህ፣ ከኋላቸው ጋሽ ገብረ መድህን፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። አባቴ ጉልበቱን እያሻሸ ተነሥቶ ተቀበላቸው። መምህር ብሩህ እንደ ደንቡ ጀመሩ፤ ልጅ ነሽ፣ አባት ናቸው፣ ተሳስተው ሊሆን ይችላል፣ ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ተይላቸው አሉኝ።

ተነሣሁና የጋሽ ገብረ መድህንን ጉልበት ሳምኩ። “ይቅርታውን ከልቤ ሰጥቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን” አልኩ። ሁሉም “ተባረኪ” አሉ። ጋሽ ገብረ መድህን ፊታቸው በራ፤ “እንግዲያው ሰኞ ጠዋት!” አሉ።

“ሰኞማ የቀጠሩኝ እንደሆነ ነው” አልኳቸው።

መምህር ብሩህ “አሁን ይቅር ብለሽ አልነበረም?” አሉኝ። “ብያለሁ። ቂም የለኝም። ሥራ ግን ሌላ ነው” አልኩ። ሐጂ ሙንተሲር መቋሚያቸውን መሬት መታ መታ እያደረጉ ሳቁ፦ “እኔ ከመጀመሪያውም ነግሬያችሁ ነበር፤ ልጅቷ የጠየቀችው ይቅርታ አይደለም፣ ደመወዝ ነው! እናንተ ይቅርታ ይዛችሁ መጣችሁ።”

ጋሽ ገብረ መድህን “ስንት?” አሉ፣ ደንበኛ ላይ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን አጥበው። “ፍርድ ቤት ለጀማሪ የሕግ ባለሙያ የሚከፍለውን። በጽሑፍ። እሑድ ዕረፍት። ሲያልቅም የልምድ ማስረጃ፣ ሳልለምን።”

“ደመወዙ ይሁን፤ እሑድን ግን ተዪ። ሰኞ ቀጠሮ ሲኖር ማን ይጽፈዋል?”

“ቅዳሜ ይንገሩኝ፣ ቅዳሜ እጨርሰዋለሁ። ቅዳሜ ካልነገሩኝ እርስዎ እሑድ ይጻፉት።”

“በቁቤ?” አሉ ሐጂ ሙንተሲር፤ “ገብሬ፣ ባለፈው በቁቤ የጻፍከውን የሠርግ ጥሪ እኮ ሰዎቹ የዕዳ መጠየቂያ መስሏቸው አልመጡም!” አባቴ እንኳን ሳቀ። ከዚያ ስለ ደመወዜ አንድም ቀን አንሥቶ የማያውቀው አባቴ “ያን ቀን ጥብሱን ስንበላ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ልጄ ጠየቀች። የጠየቀችውን ስጣት” አለ።

ጋሽ ገብረ መድህን ሳይፈርሙ ሄዱ። እሑድን አልተቀበሉም። እኔም ሰኞ አልሄድኩም፤ ማክሰኞም አልሄድኩም። ረቡዕ ሮቤ ያለች ጠበቃ፣ ወይዘሮ ፅዮን፣ “የአሰላዋ ጸሐፊ አንቺ ነሽ?” ብላ ሥራ ልታቀርብልኝ ደወለችልኝ፤ በዚያው ከሰዓት ጋሽ ገብረ መድህን ውሉን ፈርመው ራሳቸው ይዘው መጡ። የእሑድ ዕረፍቴ አልተሰረዘም። ወሬውን ማን እንዳደረሳቸው አላውቅም፤ አባቴ ባጃጅ ተሳፍሮ ወጥቶ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ተቀበልኩ።

አሁን የእኔና የእርስዎ ሂሳብ ቀረ። ሽማግሌዎቹ “ያለፉት ወሮች ይቅሩ” ብለው ነበር፤ ለጋሽ ገብረ መድህን ይቅሩ ብያለሁ። ግን እነዚያ ወሮች የተሠሩት ለእርስዎ ቤት ክፍያ ሆነው ነው፤ ስለዚህ ባለዕዳው እርስዎ ነዎት። ሕግ ተምሬያለሁ፤ ይህን ሳልቆጥር ባልፍ ትምህርቴን መናቅ ይሆንብኛል። ላፕቶፑን ስጦታ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ፤ ስጦታ መሆኑ ካበቃ ይጻፉልኝና ዋጋውን ቀንሼልዎት ልዩነቱን ይልካሉ። ሲልኩም “ለጫማ” አይበሉት። ደመወዝ ይበሉት።

ለቤትዎም ከጋሽ ገብረ መድህን ጋር ውል ይፈርሙ፤ ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሲፈርሙ መዝገቡን እኔው እይዘዋለሁ፤ ከኔ የተሻለ የሚይዝልዎት ሰው አሰላ ውስጥ የለም፤ ይህን ስል አላፍርም። የእናትዎን ደጅ ለይበልጣል አንተወውም። ጉቶው አጠገብ ትንሽ ቡቃያ አይቻለሁ፤ ተዉት ብዬ አስጠንቅቄያለሁ።

ባለፈው እሑድ መረብ ኳስ ተጫወትኩ። ተሸነፍን። እጄ እስኪቀላ መታሁ፤ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፎቶዎን ከግድግዳው አላወረድኩትም። እናቴ ልታወርደው ስትል የከለከልኳት እኔ ነኝ። ጨርቁ ላይ ያለውን ቃል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ከእርስዎ በኋላ እኔ ይዤዋለሁ።

ስለዚህ ይህን ይወቁልኝ። ከእንግዲህ እኔ በሌለሁበት ስለ እኔ የተጨረሰ ነገር አልቀበልም፤ የጨረሰው እርስዎም ቢሆኑ፣ አባቴም ቢሆን። በር ላይ የታጠፈ ብር አልቀበልም። “እንደ ልጄ ናት” የሚሉኝን ሁሉ እወዳቸዋለሁ፣ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ ቃሉን ግን በደመወዝ ፈንታ አልቀበልም።

ወለላ ይስሃቅ
የሕግ ረዳት፣ አሰላ